ለወጌሻነት ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪና የአራት ኪሎ ነዋሪ መሆንሽን፣ መረብ ኳስ ስትጫወቺ ቁርጭምጭሚትሽ ወለም ብሎሽ በፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴና በእጅ በሚሰጥ ሕክምና) መታከም ከጀመርሽ አምስተኛ ሳምንትሽን መያዝሽን፣ ይህንኑ ሙያ ለመማር ስታስቢ ግን አባትሽ «ለወጌሻነት ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል?» ማለታቸውን ጽፈሽልናል።

አባትሽ ያለ ምክንያት አልተናገሩም። በኳስ ሜዳ ወደ ተጎዳ ተጫዋች የሚሮጠውን ባለሙያ ዛሬም «ወጌሻ» እንለዋለን፤ «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» የሚለው ተረትም የእግሩ ወለምታ ይታሽ እንደነበር ይመሰክራል። የወጌሻንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያን ልዩነት የሚያሳየው የራስሽ እግር ነው። ቁርጭምጭሚት ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው በውጭ በኩል አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ሲሆን፣ ባለሙያው እጁን ከማሳረፉ በፊት ስብራት አለመኖሩን ያጣራል፤ አራት እርምጃ መራመድ ያቃተውን ሰው ወደ ራጅ ይልካል፤ ትኩስ እብጠትንም በኃይል አያሽም።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ግን ሕመሙ ከጠፋ በኋላ ያለው ነው። በአንድ እግርሽ ቆመሽ ዓይንሽን ስትጨፍኚ ቁርጭምጭሚትሽ የሚንቀጠቀጠው፣ የእግርን አቀማመጥ ለአእምሮ የሚያሳውቀው ስሜት ገና ስላልተመለሰ ነው። ብዙ ታካሚ «ድኛለሁ» ብሎ የሚቀረው እዚህ ላይ ሲሆን፣ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ሲወርድ ያው እግር ዳግመኛ ወለም ይለዋል። ስለዚህ ሙያው፣ በእኔ ግምት፣ ግማሹ የሰውነትን አሠራር ማወቅ፣ ግማሹ ደግሞ የሰለቸ ሰውን ማግባባት ነው።

ስፖርተኛ ብቻ እንደምታክሚ አታስቢ፤ በስትሮክ ግማሽ አካሉ የማይታዘዘው አዛውንት፣ አንገቱን ማቅናት ያልቻለ ሕፃንና ወገቡን የሚያመው ሾፌር ሁሉ ያንቺ ታካሚዎች ይሆናሉ። ባዮሎጂና ፊዚክስ ላይ በርቺ። ትምህርቱ ከሚሰጥባቸው ተቋማት አንዱ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነውና ከአዲስ አበባ ለመውጣትም ተዘጋጂ። የምርጫ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት የምትታከሚበትን ክፍል አስፈቅደሽ አንድ ሙሉ ጠዋት ተቀምጠሽ ተመልከቺ፤ ካልተፈቀደልሽ ከትምህርት ቤትሽ ደብዳቤ ይዘሽ ቸርችል ጎዳና አጠገብ ባለው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጠይቂ። የሚያሠራውን እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን፣ ሦስት ቀጠሮ አሳልፎ ለመጣ ታካሚ ባለሙያው ምን እንደሚለው አድምጪ።

አባትሽንም በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ይዘሻቸው ሂጂ፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ በአንድ እግርሽ ስትቆሚ አጠገብሽ ይሁኑ።