«ፈርመህ ተገላገል» ቢሉህም አትፈርም

ጥያቄ፦ «ከሦስት ሳምንት በፊት ከአንድ ቦቴ ኋላ እየነዳሁ ነበር። ከፊት የመጣ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ ቦቴውን ገጨው፤ ቦቴው በጎኑ ወደቀ። ሹፌሩ ሲጮህ ስሰማ ሮጬ ሄጄ ጎትቼ አወጣሁት። መሬት ላይ ከፈሰሰው ነገር ቡናማ ጭስ ይወጣ ነበር። እጄና እግሬ ተቃጠለ፣ የነካኝ ቦታ ቆዳዬ ቢጫ ሆነ፣ አሁን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል። የመኪናዬም ቀለም ተልጧል። የቦቴው ባለቤት ‹ጥፋተኛው የገጨን ነው፣ ጭነቱም የእኛ አይደለም› አለኝ። የጭነቱ ባለቤት ‹ካስረከብን በኋላ አያገባንም› ይላል። የቦቴው ኢንሹራንስ ደግሞ የሕክምናና የቀለም ወጪዬን ከፍሎኝ ‹ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሳም› የሚል ወረቀት ላይ ፈርም ብሎኛል። ባለቤቴ ፈርመህ ተገላገል ትለኛለች። ልፈርም?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ተረፍክ። የሰው ነፍስ አድነሃል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አትፈርም። ቢያንስ ዛሬ አትፈርም። የባለቤትህ ድካም ይገባኛል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዱ ወደ ሌላው ሲያመላልሳችሁ ማን አይሰለችም? ግን ያ ወረቀት የሚዘጋው እስካሁን ያወጣኸውን ወጪ ብቻ አይደለም። ወደፊት የሚመጣውንም ይዘጋል። የአንተ ጉዳይ ደግሞ ገና ያልመጣ ነገር ሊኖረው ይችላል።

ሐኪም አይደለሁም፤ ቢሆንም ቡናማ ጭስና ቢጫ የሆነ ቆዳ ስትለኝ ወዲያው ያሰብኩት ናይትሪክ አሲድን ነው። ቆዳን ቢጫ የሚያደርግ አሲድ እሱ ነው። ጭሱ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ አለበት። ይህ ጋዝ ተንኮለኛ ነው፦ ሰውየው በዕለቱ ደህና መስሎ ቤቱ ይገባል፣ ከሰዓታት እስከ 2 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሳንባው ውኃ ይቋጥራል። ያንን ያለፈ ሰው እንኳ አንዳንዴ ከሳምንታት በኋላ ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ጠባሳ ይዘው ይጠባሉ። አንተ አሁን ሦስተኛ ሳምንትህ ላይ ነህ፣ ደረጃ ስትወጣም ያጥርሃል። ስለዚህ ጠበቃ ከመፈለግህ በፊት የሳንባ ሐኪም ዘንድ ሂድ፣ ዛሬ ነገ አትበል። «አስም ነገር አለብኝ» ብለህ እንዳትጀምርለት። «በዚህ ቀን ከቦቴ የፈሰሰ ኬሚካል ጭስ ተንፍሻለሁ» በል፤ ሐኪሙም ያንኑ ካርድህ ላይ ይጻፈው። ፍርድ ቤት የሕመምህንና የአደጋውን ግንኙነት የሚያየው በዚያች መስመር ነው።

ምን እንደፈሰሰ በግምት አንከራከርም። በብዙ አገሮች አደገኛ ጭነት የሚያጓጉዝ ቦቴ ብርቱካናማ ሰሌዳ ይለጠፍበታል። ሰሌዳው ላይ ሁለት ቁጥር አለ። የላይኛው የአደጋውን ዓይነት ይናገራል፤ 3 የሚቀጣጠል ፈሳሽ፣ 6 መርዝ፣ 8 የሚበላና የሚያቃጥል ነው። ቁጥሩ ሲደጋገም አደጋው ይብሳል፣ ፊቱ ላይ ኤክስ ካለበት ደግሞ ውኃ እንዳይነካው ማለት ነው። የታችኛው አራት አኃዝ የተባበሩት መንግሥታት መለያ ቁጥር ነው። ቤንዚን 1203 ነው፣ ናይትሪክ አሲድ አብዛኛውን ጊዜ 2031። በቦታው የነበረ ሰው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ከሆነ ያችን ሰሌዳ አጉልተህ ፈልጋት። ፎቶ ከሌለም ተስፋ አትቁረጥ፤ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች መዝገብ ላይ መኖር አለበት።

«የገጨን ሌላ ነው» የሚለው መልሳቸው ሲሰሙት እውነት ይመስላል። የት አገር እንደሆንክ ስላልጻፍክልኝ በጥቅሉ ልንገርህ፦ ብዙ የዓለም ሕጎች ለተሽከርካሪና ለአደገኛ ነገር የተለየ ኃላፊነት አስቀምጠዋል። ከዚያ ነገር የሚያተርፍ ሰው፣ ባያጠፋም ይከፍላል። የፈረንሳይ የ1985 የትራፊክ አደጋ ሕግ ለተጎጂ «ሌላ ሰው ነው ያጠፋው» ብሎ መመለስን ጭራሽ አይፈቅድም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2081 የተሽከርካሪን ባለቤት፣ በ2069 ደግሞ መርዛማ ነገር የሚጠቀመውን ወይም የሚያከማቸውን ሰው ያለ ጥፋትም ቢሆን ተጠያቂ ያደርጋል። የቦቴው ባለቤት የገጨውን መኪና መክሰስ ከፈለገ መብቱ ነው። ግን ያ የእነሱ ሒሳብ ነው፣ አንተ መሀላቸው ቆመህ የምትጠብቅበት ምክንያት የለም። ክስ ስትመሠርት የቦቴውን ባለቤት፣ የገጨውን መኪና ባለቤት፣ ኢንሹራንሶቻቸውንና ላኪውን፣ ማለት የጭነቱን ባለቤት፣ አንድ ላይ ክሰሳቸው። እርስ በርስ ይነታረኩ።

ላኪውን የጨመርኩት በከንቱ አይደለም። «ካስረከብን በኋላ አያገባንም» የሚለው ብዙ ጊዜ አይሠራም። ቦቴ የሚወድቀው በግጭት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ራሱ ይጥለዋል። ግማሽ የተሞላ ታንከር ሲታጠፍ ወይም ድንገት መሪ ሲጠመዘዝ ፈሳሹ ወደ አንድ ጎን ይናጣል፣ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1957 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የአደገኛ ጭነት የመንገድ ማጓጓዣ ስምምነት፣ ኤዲአር የሚባለው፣ ውስጡ በየ7,500 ሊትር ወይም ከዚያ ባነሰ ያልተከፋፈለ የፈሳሽ ታንከር ወይ ከ80 በመቶ በላይ ወይ ከ20 በመቶ በታች ካልተሞላ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክለው። አገርህ የዚህ ስምምነት አባል ባይሆንም እንኳ ባለሙያ ምስክር ልኬቱን ተጠቅሞ «ይህ ጭነት በአግባቡ አልተጫነም» ሊል ይችላል። ከልክ በላይ መሙላትም ሌላ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1978 ስፔን ውስጥ ሎስ አልፋከስ የሚባል የባሕር ዳርቻ ካምፕ አጠገብ ፕሮፒሊን የጫነ ቦቴ ፈንድቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ታንከሩ ከተፈቀደለት በላይ ተሞልቶ ነበር። ሹፌሩ እዚያው ሞቷል፤ በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላቸው የጫነውና ያጓጓዘው ድርጅት ሠራተኞች ናቸው። ጥያቄው ወደ መጫኛው ግቢ ድረስ ተመልሶ ሄዷል። በአንተም ጉዳይ መሄድ አለበት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ፦ «ማን ግባ አለህ? ራስህ ነህ ሮጠህ የገባኸው» ይሉሃል። ይህ ሲባልብህ አትደንግጥ፣ አትፈርም፣ ይቅርታም አትጠይቅ። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 ዳኛ ካርዶዞ በወሰኑት ጉዳይ «አደጋ አዳኝን ይጠራል» ብለዋል፤ አደጋውን የፈጠረ ሰው፣ ሊያድን የሮጠውንም ሰው ጉዳት ይሸከማል ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ፍርድ ቤቶች በዚህ መንፈስ ይሄዳሉ። ሰው እያቃሰተ ቆመህ ልታይ ነበር? የሹፌሩን ምስክርነት ግን አሁኑኑ በጽሑፍ ያዝ። ዛሬ ያመሰግንሃል፣ ነገ አሠሪው ይጫነዋል።

ጊዜው ላይ ተጠንቀቅ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ኢትዮጵያ ውስጥ መደበኛው የክስ ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ እንግሊዝ ለአካል ጉዳት 3 ዓመት፣ ስፔን 1 ዓመት ብቻ። «ድርድር ላይ ነን» እየተባልክ ቀኑ እንዳያልፍብህ። ድርድር በራሱ ሁልጊዜ ቀን አያቆምም።

ኢንሹራንሱን በጭፍን አትግፋው። ገንዘብ ያስፈልግሃል፣ አውቃለሁ። «የመኪናውን ቀለምና እስከ ዛሬ ያለውን የሕክምና ወጪ ተቀብያለሁ፣ የአካል ጉዳትና የወደፊት ወጪ ጥያቄዬ እንደተጠበቀ ነው» የሚል ደረሰኝ ከሰጡህ ፈርመህ ውሰድ። እንቢ ካሉ ወረቀቱን ይዘህ ውጣ። አንድ ቃል ጨምረው «ለማንኛውም ጥያቄ» ካሉብህ ግን ነገሩ ያው የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

ጠበቃህ በዚህ ሳምንት ለቦቴው ባለቤትና ለላኪው ደብዳቤ ይጻፍ፦ የጭነት ሰነዱን፣ የተጫነበትን የሚዛን ወረቀት፣ የታንከሩን ምርመራ፣ የሹፌሩን የአደገኛ ጭነት ሥልጠና ማስረጃ፣ የጂፒኤስ መዝገቡን እንዳያጠፉ። ጂፒኤስ መዝገብ ብዙ ቦታ በራሱ ጊዜ እየተሰረዘ ይሄዳል፤ ጊዜ ሲያራዝሙብህ የሚጠብቁት ይህንንም ሊሆን ይችላል።

የዚያን ቀን ያደረግካቸው ጫማዎችስ የት አሉ? ታጥበው ከሆነ ምንም ማድረግ አይቻልም። ካልታጠቡ ግን በባዶ እጅህ አትንካቸው፣ ቤት ውስጥም አታስገባቸው። በጓንት ይዘህ ልጆች በማይደርሱበት ደጅ አስቀምጣቸውና ሶላቸው የተበላበትን ቦታ ፎቶ አንሳ። ከዚያ ለፖሊስ በፊርማ አስረክብ፤ የተረከበህ ሰው የፈረመበት ቅጂ እጅህ ላይ ይቅር።