የምበላው የት ይገባል?

የአንባብያን ጥያቄና የባለሙያዎቻችን መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከቡሬ አካባቢ ነው፤ መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ 26። ቁመቴ 1 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቴ 52 ኪሎ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀጭን ነኝ፤ ይህ ነው የሚባል ሕመም ግን የለብኝም። ሁለት እንጀራ በአንድ ጊዜ እጨርሳለሁ፣ ሥጋ ግን አልይዝ አለኝ። ጓደኞቼ «ሜታቦሊዝምህ ፈጣን ነው፤ ዝም ብለህ ብላ» ይሉኛል። ምን ብበላ ነው የምወፍረው? ትምህርት ቤት በእግሬ አንድ ሰዓት ከሩብ ሄጄ እንዲሁ እመለሳለሁ። ረቡዕና ዓርብ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል አድርገኸዋል፤ መንገዱንና ጾሙን። ሜታቦሊዝም የምንለው ሰውነት በሕይወት ለመቆየት ጉልበት የሚያወጣበትን ሥራ ነው፤ ልብ ይመታል፣ ሳንባ ይተነፍሳል፣ ገላ ይሞቃል። ባንተ ቁመት፣ ክብደትና ዕድሜ ሲሰላ ቀኑን ሙሉ ተኝተህ ብትውል እንኳ ወደ 1,480 ካሎሪ ታወጣለህ። ይህ ቁጥር ቁመታቸውና ክብደታቸው እኩል በሆነ ሁለት ጤነኞች መካከል አብዛኛውን ጊዜ ያን ያህል አይራራቅም። ሰውን ከሰው ይበልጥ የሚለየው እንቅስቃሴው ነው። በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል መራመድ በግምት 350 ካሎሪ ይወስድብሃል፤ ሰሌዳ ፊት ቆሞ መዋሉ ሲጨመርበት የቀን ወጪህ ከ2,400 እስከ 2,600 ይደርሳል።

አሁን ሳምንቱን እንደ ሒሳብ መዝገብ ተመልከተው። በአምስቱ የፍስክ ቀናት ደህና በልተህ በየቀኑ 400 ካሎሪ ብታተርፍ 2,000 ሆነ። ረቡዕና ዓርብ ያንኑ መንገድ በባዶ ሆድህ ሄደህ፣ ከሰዓት አንዴ በልተህ፣ ማታ ደግሞ ድካም ጥሎህ ትንሽ ቀምሰህ ብትተኛ በየቀኑ 1,000 ያህል ይጎድላል። እሱም 2,000 ነው። ሁለት እንጀራ የጨረስክበትን ቀን ታስታውሰዋለህ፤ ያልበላህበትን ግን ማን ይቆጥረዋል?

ወደ ምግቡ ከመግባታችን በፊት አንድ ጥያቄ አለን፦ ድሮም ቀጭን ነበርክ ወይስ እየቀጠንክ ነው? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሳያስቡት በስድስት ወር ወይም በዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ የቀነሰ ሰው (ባንተ ሁኔታ 2.6 ኪሎ መሆኑ ነው) ምግብ ከመጨመሩ በፊት ይመርመር። ልብ ድው ድው የሚል፣ እጅ የሚንቀጠቀጥ፣ ብርድ ውስጥ እንኳ የሚያልብ ከሆነ የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋል፤ እውነተኛው «ፈጣን ሜታቦሊዝም» ይህ ነው። በጨው አዮዲን ማነስ የሚመጣው የተለመደው እንቅርት ግን ብቻውን ሰው አያከሳም። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳልና የሌሊት ላብ ለቲቢ፣ ብዙ ውሃ መጠጣትና ቶሎ ቶሎ መሽናት ለስኳር ያስጠረጥራል። የሆድ ጥገኛም አይረሳ፤ ጃርዲያ፣ የመንጠቆ ትል፣ በጣና ዙሪያና በመስኖ ቀበሌዎች ደግሞ ቢልሃርዝያ አለ። ለየአንዳንዱ መድኃኒቱ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ ሰገራ ሳያስመረምሩ ኪኒን መዋጥ ገንዘብ ማባከን ነው። ኮሶ በበኩሉ እንደሚወራበት ያህል አያከሳም።

ከዚህ ሁሉ ነጻ ከሆንክ ሦስተኛ እንጀራ አትጨምር። የእንጀራ ክብደት ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፤ ሆድ የሚሞላው ጉልበቱ ሳይሞላ ነው። የሚያዋጣው እዚያው ገበታ ላይ ትንሽ ቦታ የሚይዝ ቅባት መጨመር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የኑግ ዘይት 120 ካሎሪ አለው። ሽሮው ከወረደ በኋላ በራስህ ድርሻ ላይ ጠብ ብታደርገው ጣዕሙን ያሳምረዋል እንጂ አያጠግብህም። ግማሽ አቮካዶ (መራዊ ላይ በቆጋ መስኖ የሚለማው ይበቃል) 160 ገደማ፣ ሁለት እንቁላል 140 ካሎሪና 12 ግራም ፕሮቲን፣ አንድ ጭብጥ የተቆላ ለውዝ፣ ማለትም 30 ግራም ያህል፣ 170 ካሎሪ ይሰጣሉ።

ከሁሉ የምንመርጥልህ ግን በሶ ነው። አራት የሾርባ ማንኪያ የገብስ በሶ፣ ሁለት ማንኪያ የተወቀጠ ለውዝ፣ አንድ የበሰለ ሙዝና አንድ ማንኪያ ማር በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠህ ብትጠጣ ወደ 490 ካሎሪ ይሆናል፤ በውሃው ፈንታ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተት ብታደርግ ከ600 ያልፋል። ሙዙን መጀመሪያ በሹካ አድቅቀው፤ በሶውን ደግሞ በጥቂት ውሃ ለውሰህ ቀስ በቀስ አቅጥነው፤ አለዚያ ይጓጉላል። ለውዙን በለሰለሰ እሳት ቆልተህ፣ አሽተህ ገለባውን አራግፈህ፣ ገና ሞቅ እንዳለ ዘይቱ እስኪወጣ በሙቀጫ ውቀጠው። ሻጋታ የነካውን ወይም የመረረውን ፍሬ ጣለው፤ በሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ነው፣ መቁላትም አያጠፋውም። በሶውን ከምግብ በፊት ሳይሆን ከቁርስ በኋላ ወይም ማታ ከመተኛትህ በፊት ጠጣው። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሹን ብቻ ሥራ፤ በአንድ ቀን ሙሉውን የጀመረ ሰው ሆዱ ይነፋና «አልተስማማኝም» ብሎ ይተወዋል።

ተልባም ጥሩ ነው፣ ግን ተቆልቶ ካልተፈጨ ፍሬው እንደገባ ይወጣል፤ ከምግብ በፊት ከተጠጣ ደግሞ ሆድ ይዘጋል። ቡናም እንዲሁ ነው። በባዶ ሆድ ከአቦል እስከ በረካ የጠጣ ሰው ምሳው ሲቀርብለት ወደኋላ ይላል፤ ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ አድርገህ ቆሎውን ከለውዝና ከሽምብራ ጋር ቀላቅለው።

የጾሙ ቀን መፍትሔ ሰዓት መጠበቅ ነው። የረቡዕና የዓርብ ስንቅህን ይዘህ ሂድ፤ በዘይትና በማር የታሸ የበሶ ጭብጦ፣ ከጎኑ ለውዝ። 9 ሰዓት ሲሆን እዚያው ትምህርት ቤት ብላ እንጂ አንድ ሰዓት ከሩብ በባዶ ሆድህ አትመለስ። 12 ሰዓት ላይ ዋናውን ምግብ፦ እንጀራ በምስር ወይም በሽሮ፣ ከዘይቱ ማንኪያ ጋር። ማታ 3 ሰዓት ላይ ያ የውሃ በሶ። በዚህ ጉድለቱ ከ1,000 ወደ 200 ወይም 300 ይወርዳል፤ ጾምህም አልተነካም። በሁዳዴ 55 ቀናት ይኸው ሥርዓት በየቀኑ ይሠራል፤ ያኔ ግን እንቁላልና ወተት ስለሌሉ ፕሮቲኑን ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላና ለውዝ መሸከም አለባቸው። ክብደት እያነሳህ ጡንቻ ለመገንባት በቀን ከ75 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግሃል፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል አለው።

ክብደት የማነሳው ለምንድን ነው ካልክ፣ ሳትሠራ የሚጨመረው ካሎሪ አብዛኛው ቦርጭ ሆኖ ይቀራል። ጂም አያስፈልግህም፤ 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ይበቃል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ሚዛን የት ይገኛል? በ10 ሊትር ጀምር። ደረትህ ላይ አቅፈህ ቁጭ ብድግ፤ ወገብህን አጠፍ፣ ጀርባህን ቀጥ አድርገህ በአንድ እጅ ወደ ጎድንህ መሳብ፤ ከመሬት ማንሳት፤ ከዚያ ፑሽ አፕ። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ አንድ ቀን ዕረፍት። ሦስቱንም ዙር 12 ካደረስክ አንድ ሊትር ጨምር። ያልሞላ ጀሪካን ውሃው እየዋለለ ሚዛን ያስታል፤ ካስቸገረህ አሸዋ አድርግበት፤ አሸዋ ግን ከውሃ ስለሚከብድ በሊትር ሳይሆን በሚዛን ለካው። መያዣው ላይ ጨርቅ ጠቅልል። ጀርባ ጎብጦ ማንሳት ወገብ ይጎዳልና ጉልበትህን አጠፍ አድርግ። ረቡዕና ዓርብን ተዋቸው።

በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ከሽንት ቤት መልስ ምንም ሳትቀምስ ተመዘን። የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ኪሎ ቢያሳይህ አትደሰት፤ አብዛኛው ውሃና በአንጀት ያለ ምግብ ነው። ከዚያ በኋላ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም መጨመር ደህና ነው። ሁለት ሳምንት ሚዛኑ ካልተነቃነቀ አንድ ማንኪያ ዘይትና አንድ ሙዝ ጨምር፣ 220 ካሎሪ ነው። አሁን ክብደትህ በኪሎ ለቁመትህ ስኩዌር (ቁመት በሜትር በራሱ ሲባዛ፣ 1.74 × 1.74) ሲካፈል 17.2 ይመጣል፤ የጤናማው መነሻ 18.5 ነው። እሱም ላንተ 56 ኪሎ ነው፤ ከሁለት እስከ አራት ወር ስጠው። ይህ ቁጥር ከ16 በታች የሆነ ሰው በራሱ ምግብ አብዝቶ አይጀምር፤ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም። የ19 ዓመት ልጄ ጓደኞቿ «ጉንጭ ያወጣል» የሚሉትን ኪኒን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ገዝታ መዋጥ ከጀመረች አንድ ወር ሆናት። ፊቷ በእርግጥ ሞልቷል። ዝም ልበል?

መልስ፦ እናታችን፣ ዝም አይበሉ። በዚህ ስም ከሚሸጡት ውስጥ ሁለቱ በብዛት ይታወቃሉ። ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ያበዛል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ሲቆም ግን የምግብ ፍላጎቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ዴክሳሜታዞን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ስቴሮይድ የሚባል፣ እንደ ሰውነት ሆርሞን የሚሠራ ብርቱ መድኃኒት ነው። የሞላው ፊት ሥጋ አይደለም፤ መድኃኒቱ ውሃ ስለሚይዝና ስብ ፊትና ሆድ ላይ ስለሚያከማች ነው። እግረ መንገዱን የደም ስኳርንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ክንድና ጭን ያቀጥናል። ነገር ግን ተቆጥተው በአንዴ አያስጥሏት። ከሦስት ሳምንት በላይ ከተወሰደ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ሆርሞን መሥራት ሊያቆም ይችላል፤ ድንገት ሲቋረጥ ሰው ራሱን ሊስትና ለሕይወቱ ሊያሰጋ ይችላል። ማሸጊያውን ይዘው ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ አወሳሰዱን ሐኪሙ በደረጃ ይቀንስላታል።

ጥያቄ፦ ከዳንግላ። ወተት ስጠጣ ሆዴ ይነፋል። አይብ ብተካ ያወፍረኛል?

መልስ፦ አይብ ከአሬራ ስለሚሠራ ቅቤው ቀድሞ ወጥቷል፤ ፕሮቲን እንጂ ስብ ብዙ የለውም። ማንኪያ ለጋ ቅቤ ጨምረህ ብላው። ለወተቱ እርጎ ይሻልሃል፤ ሆድ የሚነፋውን የወተት ስኳር ባክቴሪያዎቹ በከፊል ስለሚበሉት ነው። ወተቱን መጀመሪያ አፍላው፣ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ የቀደመ እርጎ ጨምረህ ሸፍነህ አሳድረው። ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስና ቲቢ ያስተላልፋል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። ቢራ ያወፍራል ይባላል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ አንድ ጠርሙስ ቢራ ወደ 150 ካሎሪ አለው፤ ፕሮቲኑ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ሦስት ጠጥተህ እራት ስትተው ካሎሪው ቦርጭህ ላይ ሲቀመጥ ክንድህ እንደነበረ ይቀራል። ከጫት ጋር ከሆነ ደግሞ እራቱ ብቻ ሳይሆን ቁርሱም ይቀራል፤ ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ።