ቦታችሁ ሲጠብ

ልጆቼ፣

ስለ ሥራ የምትጠይቁኝ ሁሉ ስለ መግባት ነው። ሲቪ እንዴት ይጻፋል? ኢንተርቪው ላይ ምን ልበል? እድገት እንዴት ላግኝ? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ዛሬ ግን ማንም ያልጠየቀኝን ልጽፍላችሁ ነው። ሥራ ላይ እያላችሁ፣ ገና ሳትወጡ፣ ቦታችሁ እየጠበበ ስለሚሄድበት ጊዜ።

ጡረታዋ ስለተቃረበ ነው ይህን የምታወራው እንደምትሉ አውቃለሁ። አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ግን ይህ ጊዜ ለሽማግሌና ለአሮጊት ብቻ አይመጣም። በሠላሳ ዓመትም ይመጣል። ድርጅቱ ሲሸጥ ይመጣል፣ አዲስ አሠራር ሲገባ ይመጣል፣ ወገብ ወይም ጉልበት እምቢ ሲል ይመጣል። ስለዚህ ከአሁኑ ብናወራው ይሻላል።

ምሳሌ የማደርግላችሁ የቤዝቦል ተጫዋች ነው፤ ራያን ዚመርማን። ዋሽንግተን፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ስሙን ታውቁታላችሁ። አገር ቤት ሆናችሁ የምታነቡም አትሂዱብኝ፤ የጨዋታውን ሕግ ሳታውቁም ታሪኩ ይገባችኋል። እኔም ሕጉን የተማርኩት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ነርስ ነኝ። በማታ ሺፍት የታካሚዎች ቴሌቪዥን ላይ የዚመርማን ቡድን፣ የዋሽንግተኑ ናሽናልስ፣ ሁሌ ይጫወታሉ፤ መድኃኒት ልሰጥ የገባሁባቸው አዛውንቶች ቁጭ አድርገው አስረዱኝ።

ቡድኑ ከሞንትሪያል ወደ ዋሽንግተን የመጣው በ2005 ነው። በአዲሱ ስሙ መጀመሪያ የመረጠው ልጅ ዚመርማን ነበር። ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ የ20 ዓመት ልጅ። ሦስት ወር ሳይሞላው ዋናው ቡድን ውስጥ ተሰለፈ። በ2008 አዲሱ ስታዲየም በተከፈተበት ምሽት፣ ጨዋታው እኩል ለእኩል ሆኖ ሊያልቅ ሲል፣ ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት) መትቶ ሕዝቡን በደስታ ወደ ቤቱ የሸኘው እሱ ነው። በዚያ ዓመት ቡድኑ 102 ጨዋታ ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት 103 ተሸነፈ። እነዚያ ክፉ ዓመታት ነበሩ፤ ሰው ስታዲየም ሲገባ ከልቡ የሚጠራው ስም የእሱ ነበር። በ2012 የ6 ዓመት፣ የ100 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

ከዚያ ትከሻው ከዳው። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳችሁ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነውና።

ዚመርማን የሚቆመው ሦስተኛ ቤዝ ላይ ነበር፤ ቤዝ ማለት ኳሷን የመታው ሰው እየሮጠ የሚረግጠው ማረፊያ ነው። እዚያ የሚቆም ሰው ሥራው ሁለት ነው። በኃይል የተመታችውን ኳስ መያዝ፣ ከዚያ ሯጩ ሳይቀድመው 39 ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው አንደኛ ቤዝ መወርወር። በመያዙ የተመሰገነ ነበር፤ በ2009 የወርቅ ጓንት የሚባለውን ሽልማት ወስዷል። ትከሻው ከታመመ በኋላም መያዙን አልተወም። ተወርውሮ ይወድቃል፣ ኳሷን ከአፈር ላይ ያነሳል፣ ብድግ ይላል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ኳሷ አንዴ ከጓደኛው ራስ በላይ ታልፋለች፣ አንዴ ሳትደርስ መሬት ትመታለች። ኦፕሬሽን ተደረገለት፤ እንደ ድሮው አልሆነም። ከመወርወሩ በፊት ለቅጽበት ሲያመነታ በቲቪ እንኳ ይታይ ነበር።

በ2014 ወደ ሜዳው ጥግ፣ በግራ በኩል ወሰዱት። በ2015 አንደኛ ቤዝ ላይ አቆሙት፤ ብዙ መያዝ እንጂ ብዙ መወርወር የማይጠይቅ ቦታ ነው። የለመደውን ሦስተኛ ቤዝ አንቶኒ ሬንዶን የሚባል ወጣት ያዘው። እስቲ አስቡት። ቡድኑ በስሙ የሚታወቅበት ሰው፣ ስሙ የተሠራበትን ቦታ ለልጅ አስረክቦ በሠላሳ ዓመቱ አዲስ ቦታ እንደ ጀማሪ መማር።

እናንተም አንድ ቀን ሥራ ሲከብዳችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፤ የከበደኝ መያዙ ነው ወይስ መወርወሩ? ብዙ ሰው አይለይም። አንዱ ነገር ሲያቅተው ሁሉም ያቃተው ይመስለዋል። ወይ ተስፋ ቆርጦ ይወጣል፣ ወይ ምንም እንዳልሆነ ሰው መስሎ እዚያው ይሟሟታል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ላንሳላችሁ፤ ስሟን አልጠራም። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነበረች። ደም ሥር በማግኘት የሚደርስባት አልነበረም። ሌላው ሰው ሦስት ጊዜ ወግቶ ያጣውን እሷ በጣቷ ጫፍ ክንዱን ዳሰስ፣ ዳሰስ አድርጋ፣ ሳታይ ማለት ይቻላል፣ በአንዴ ታገኘዋለች። ታካሚው ሳይሰማው ይጠናቀቃል። ግን ወገቧ ታመመ። በዚያ ክፍል ራሱን የማያውቅ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል፤ ከአልጋ ይነሳል፣ ይመለሳል። ይህን አልቻለችም። በቀን ወደሚሠራው፣ ታካሚዎች ለኦፕሬሽን ወደሚዘጋጁበት ክፍል ስትዛወር አለቀሰች። ከደረጃዋ ዝቅ ያደረጓት መስሏት ነበር። እዚያ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ሥራው ደም ሥር ማግኘት ነው! ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ሠራች፤ ሐኪሞቹ ሲቸግራቸው በስሟ እየጠሩ ይፈልጓት ነበር። ወገቧ እንጂ ጣቷ አልደከመም ነበር።

ዚመርማንም እንዲሁ አልጨረሰም ነበር። በ2016 ዱላውም ዝም አለ። ከ100 ሙከራ 22 ያህሉን ብቻ ነው በአግባቡ የመታው። ያን ጊዜ በቃው፣ ይውጣ ያለ ብዙ ነው። በቀጣዩ ዓመት ግን ዳንኤል መርፊ የሚባል፣ በዕድሜ ጥቂት የሚያንሰው የቡድን ጓደኛው፣ ኳሷን ወደ መሬት ሳይሆን ከፍ አድርገህ ምታ የሚል ምክር ነገረው። ሰማው። ያን ዓመት ከ100 ሙከራ 30 መታ፣ 36 ሆም ራን አገባ። በ32 ዓመቱ፣ ከ12 ዓመት ልምድ በኋላ፣ ከጓደኛ መማር። ልምድ ያለው ሰው ምክር መስጠቱን እንጂ መቀበሉን ይረሳዋል። እኔ ይህን በየሆስፒታሉ ኮሪደር አይቻለሁ።

አሁን ወደ አለቆች በኩል ልምጣ። አንድ የሜጀር ሊግ (የከፍተኛው ሊግ) ቡድን በአንድ ጊዜ መያዝ የሚችለው ስብስብ 26 ሰው ነው። ግማሽ ያህሉ ፒቸሮች፣ ለመቺው ኳስ የሚወረውሩት፣ ናቸው። ስምንቱ ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ አንዱ ደግሞ ለመምታት ብቻ ይሰለፋል። ለተጠባባቂ የሚተርፈው አራት ወንበር ገደማ ነው። ከእነዚህ አንዱን ለአንጋፋ ስትሰጡ፣ በታችኛው ሊግ ተራውን የሚጠብቅ አንድ ልጅ ስልኩ ሳይጠራ ያድራል። እኔ ለብዙ ዓመታት የሺፍት ድልድል አውጥቻለሁ። አንድ ስም በጻፍኩ ቁጥር የማልጽፈው ሌላ ስም ነበር። ስለዚህ ቦታ መቀነስን ሁሌ እንደ ጥላቻ አትውሰዱት። አለቃችሁ ይወዳችሁም ይሆናል፤ ወንበሩ ግን አልበዛም።

በ2019 ናሽናልስ ዋንጫ ወሰዱ። በቡድኑ ታሪክ የመጀመሪያውን የወርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ሆም ራን የመታው ዚመርማን ነበር፤ ከክፉዎቹ ዓመታት ጀምሮ ያለው ሰው። ዋንጫው ከተወሰደ በኋላ ቡድኑ ምን አደረገ? ለ2020 ሊከፍለው ይችል የነበረውን 18 ሚሊዮን ዶላር ተወው። በ2 ሚሊዮን አስፈረመው። በዚያ ዓመት ኮቪድ መጣ፤ እናቱ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ስላለባቸው ለእሳቸው ሲል ሳይጫወት ቀረ። ለ2021 በ1 ሚሊዮን ዶላር ተመለሰ። ያውም ተጠባባቂ ሆኖ፤ አንደኛ ቤዝን ቡድኑ ከፒትስበርግ ባመጣው በጆሽ ቤል ሞልቶታል። ዚመርማን በአብዛኛው የሚገባው ግራኝ ፒቸር ሲመጣ ነው። አንዳንድ ምሽት ለአንዲት ዕድል ብቻ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል።

አገራችን እንዲህ ላለው ነገር ተረት አላት፤ ወርቅ ላበደረ ጠጠር። እኔ ግን እዚህ ላይ አልተርትም። ቦታው ምን እንደሆነ አስቀድሞ ተነግሮታል፣ እሱም አውቆ ፈርሟል። 110 ጨዋታ ላይ ታየ፣ 14 ሆም ራን መታ። በሐምሌ መጨረሻ ቡድኑ ማክስ ሸርዘርንና ትሬ ተርነርን ጨምሮ 8 ተጫዋቾችን በጥቂት ቀናት ሸጦ በወጣቶች ሲተካ እሱ ቀረ። በዋንጫው ጊዜ የነበሩት ሲሄዱ፣ ልጆቹ መጥተው የሚጠይቁት አንድ ሰው ነበራቸው።

በዚያው ዓመት የአልበርት ፑሆልስ ነገር ከዚህ የተለየ ነበር። በዘመኑ ከታዩት ኃያላን አንዱ ነው። አንጀልስ በሚባለው ቡድን የ10 ዓመት፣ የ240 ሚሊዮን ዶላር ውሉ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበር። አንደኛ ቤዝን ጃሬድ ዋልሽ ይዞታል፤ የመምታት ብቻ ቦታውን ደግሞ ሾሄይ ኦታኒ ይዞታል። ፑሆልስ መጫወት ይፈልጋል፤ ቦታ የለም። በግንቦት 2021 ከስብስቡ አወጡት። ከዚያ ዶጀርስ ወደሚባለው ቡድን ሄዶ ትንሽ ቦታ ተቀበለ። በ2022 ወደ ቀድሞ ቡድኑ ወደ ሴንት ሉዊስ ተመልሶ፣ በ42 ዓመቱ 24 ሆም ራን መትቶ፣ የዘመኑን ጠቅላላ ድምር በ703 ጨረሰ። በታሪክ ከእሱ በላይ ሆም ራን የመቱት ቦንድስ፣ አሮንና ሩት ብቻ ናቸው። በአንዱ ቤት ቦታ ያጣ ሰው በሌላው ቤት ለልኩ የሚሆን ቦታ አገኘ። ስለዚህ ሁሌ እዚያው ቆዩ አልላችሁም። ልካችሁ የሆነ ወንበር ሌላ ቤት ካለ፣ ሂዱ።

ለእሱ ምን አለበት፣ 100 ሚሊዮን ዶላር አለው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ይህን ሸፋፍኜ አላልፈውም። ገንዘብ ያለው ሰው ትንሽ ቦታ ሲሰጠው ፈገግ ብሎ መቀበል ይቀለዋል። የቤት ኪራይና አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ያለበት ሰው አይቀለውም። ልክ ለዚህ ነው ገና ደመወዛችሁ ሲያድግ ጀምሮ ማስቀመጥ ያለባችሁ። ለሠርግና ለመኪና ብቻ አይደለም። አለቃችሁ ከዚህ በኋላ ሰዓትሽ ይቀንሳል ባላችሁ ቀን፣ ተደናግጣችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ እሺ እንዳትሉ። አሜሪካ ያላችሁ የጡረታ ቁጠባውን አትተዉት፤ አሠሪው የሚጨምረውን ድርሻ ሳይወስዱ የሚቀሩ የኛ ልጆች በዝተዋል፣ ያሳዝነኛል። ሁለት ሥራ እየሠራችሁ ወገባችሁን የምትጨርሱ ደግሞ አንዱን ቀን ለትምህርት ስጡት። የሙያ ፈቃድ (ላይሰንስ) ማውጣት ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ወገቡ ከተሰበረ በኋላ ክላስ መቀመጥም ያማል።

አለቃ የምትሆኑት ደግሞ አደራ። ውሳኔው ከተወሰነ ቶሎና በግልጽ ንገሩ። የዳላስ ወይም የአዲስ አበባ ቢሮ ይሁን ለውጥ የለውም፤ ሰው ዜናውን ከሌላ ሰው ሲሰማ ነው የሚሰበረው። ከዚያ ደግሞ ክብሩን ስጡት። በጥቅምት 3፣ 2021 በወቅቱ የመጨረሻ ጨዋታ፣ ዚመርማን ጡረታ እወጣለሁ ብሎ አላወጀም ነበር። አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ ግን ከዘጠኙ ኢኒንግ (የጨዋታ ክፍል) በስምንተኛው ሜዳ ላይ ከቆመ በኋላ ቀይሮ አስወጣው፤ ሕዝቡ ቆሞ እንዲያጨበጭብለት ብሎ። ወደ ቀጣዩ ዙር ለማለፍ ማሸነፍ በጣም ያስፈልጋቸው የነበሩት የተጋጣሚው ቡድን የቦስተን ተጫዋቾች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። ለአሰልጣኙ ምንም አላስወጣውም። በየካቲት 2022 ጫማውን ሰቀለ፤ በሰኔ ወር ደግሞ ቡድኑ ባለ 11 ቁጥር ማሊያውን ለማንም እንዳይሰጥ አነሳለት።

በመጨረሻም ለእናንተ፣ ወንበሩን ለምትረከቡት። በዚያው በ2022 ነሐሴ ጆሽ ቤልም ከሁዋን ሶቶ ጋር ወደ ሳንዲዬጎ ተሸጠ። ስለዚህ የሰውን ቦታ ስትይዙ አትፈሩ፣ አትኩራሩም። ተራ ነው። ግን የሚወጣው ሰው እያለ ጠይቁት። እኛ ጋ ሰው ሲሰናበት በመጨረሻው ሳምንት ኬክ ይቆረጣል፣ ካርድ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሳል። ያቺን ባልደረባዬን በዚያ ቀን አቅፎ ያለቀሰ ብዙ ነበር፤ ደም ሥሩን በጣትሽ እንዴት ነው የምታገኚው ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ከእኔ ጋር የምትሠሩ ልጆች፣ እስከ ሰኔ ድረስ ማክሰኞና ሐሙስ አለሁ። ከምሳ በኋላ ክፍሉ ጭር ይላል፤ ያኔ ኑ።