ለወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፦ ምክንያቱን ጠይቁ

ልጆቼ፣ ሥራ ስትጀምሩ አስቀድሞ በእጃችሁ የሚገባው የአሠራር መመሪያ ነው። አክብሩት፤ አንድም ደረጃ አትዝለሉ። ነገር ግን ደረጃው ለምን እንደተጻፈ ሳትጠይቁ አትለፉ። እኔ ሙያዬን ይበልጥ የወደድኩት ይህን ስጠይቅ ባገኘሁት ታሪክ ነው።

በየቀኑ የምትይዙትን፣ ባክቴሪያ የምታበቅሉበትን የአጋር ሳህን ተመልከቱ። በጀርመናዊው የባክቴሪያ ተመራማሪ በሮበርት ኮክ ዘመን ባክቴሪያ ይበቅል የነበረው በጄላቲን ላይ ነበር። ጄላቲን ግን በሰውነት ሙቀት፣ በ37 ዲግሪ፣ ይቀልጣል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ራሱን እየፈጩ ውኃ ያደርጉታል። ያን ጊዜ ተለይቶ የበቀለው ሁሉ ይደባለቃል፤ ድካሙም ከንቱ ይቀራል። መፍትሔው ከወጥ ቤት መጣ። ፋኒ ሄሰ የተባለች ሴት የባለቤቷን የዶክተር ዋልተር ሄሰን ምርምር ታግዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ጣፋጭ ምግብ የምታረጋበትን፣ ከባሕር አልጌ የሚገኘውን አጋር እንዲሞክር ነገረችው። አጋር አንዴ ከረጋ እንደገና ለመቅለጥ ወደ 85 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል፤ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎችም ሊፈጩት አይችሉም። ኮክ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ሲያሳውቅ አጋርን ጠቀሰ፤ የፋኒን ስም ግን አላነሳም። ሳህኑ በ1887 ባስተዋወቀው በዩሊየስ ፔትሪ ስም እስከ ዛሬ ይጠራል። ይህ ሁልጊዜ ያስቆጨኛል። ብርጭቆ የምታጥበው ሠራተኛ እንኳ ጠቃሚ ሐሳብ ብትሰጣችሁ፣ ስሟን በሪፖርታችሁ ላይ አስፍሩ።

ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ ለማየት በቀለም የምንለይበት የግራም ማቅለሚያም እንዲሁ ነው። ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 ሲያሳትመው የፈለገው ባክቴሪያውን በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች ሕብረ ሕዋስ ለይቶ ማየት ብቻ ነበር። አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ቀለሙን አልያዙለትም። ዛሬ ሐኪም መድኃኒት ሲመርጥ የሚጠይቀው ያንኑ ልዩነት ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እንድታስቡበት የምፈልገው በአውስትራሊያዋ ፐርዝ የሆነውን ነው። ሮቢን ዋረን በጨጓራ ናሙና ውስጥ ጠምዛዛ ባክቴሪያ በማይክሮስኮፕ ያያል፤ ከባሪ ማርሻል ጋር ሆነው ሳህን ላይ ለማብቀል ቢደክሙም እምቢ አላቸው። በዚያ ላቦራቶሪ በ2 ቀን ውስጥ ምንም ያልታየበት ሳህን ይጣል ነበር። ለፈጣን ባክቴሪያዎች ደንቡ ጥሩ ነው፤ ይህኛው ግን ዘገምተኛ ነበር። በ1982 የፋሲካ በዓል ሳህኖቹ ኢንኩቤተር (ሙቀቱን ጠብቆ ባክቴሪያ የሚያበቅል ሣጥን) ውስጥ ከተለመደው በላይ ቆዩ፤ ከበዓሉ በኋላ ሲታዩ በቅሎ ተገኘ። ማርሻል ባክቴሪያው የጨጓራ ሕመም እንደሚያመጣ ለማሳየት በ1984 ራሱ ጠጥቶት በቀናት ውስጥ ጨጓራው ተቆጣ። ድፍረቱን አደንቃለሁ፤ እናንተ ግን ከቶ አታድርጉት። ለዚህ ግኝት በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

እንግዲህ «ምንም አልበቀለም» ብላችሁ ስትጽፉ ስንት ሰዓት፣ በምን ሙቀት፣ በምን ዓይነት አየር እንዳቆያችሁት አብራችሁ ጻፉ። በማይክሮስኮፕ ያያችሁትና ሳህኑ የሚናገረው ካልተስማሙ ደግሞ ሳህኑን አትጣሉ፤ ቀኑን ጽፋችሁበት መልሱትና ለኃላፊያችሁ አሳውቁ።