ሳቅሽን ሆቴል ጨርሰሽ ትመጫለሽ

የዛሬዋ ጠያቂያችን የምትኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዕድሜዋ 34 ነው፤ የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ሆቴል ውስጥ የቁርስ አስተናጋጅ ናት። ደብዳቤዋን አሳጥሬዋለሁ። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

«አላርሜ ሌሊት 9 ሰዓት ከሩብ ይጮሃል። 11 ሰዓት ፓንች አድርጌ እገባለሁ። እንግዳ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይወርዳል። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል እወጣና 9 ሰዓት ልጄን ከትምህርት ቤት እቀበላለሁ። ከዚያ ቡና አፈላለሁ፤ ካልጠጣሁ አልቆምም። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። እኔና ልጄ ስንገባ እሱ ይወጣል፣ ሌሊት 7 ሰዓት ይመለሳል። ጠዋት ልጅቷን የሚያደርሳት እሱ ነው። እኔ ማታ 4 ሰዓት እተኛለሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ደግሞ እኩለ ሌሊት ነው፣ ካላነሳሁ ትጨነቃለች። በፊት ባለቤቴ ማታ ማታ ተሳፋሪ እየጠበቀ ይደውልልኝ ነበር፤ ወሬው ሁልጊዜ በጭቅጭቅ ያልቃል። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ መኪና ውስጥ፣ ልጅቷ እየሰማች ‹ሳቅሽን ሆቴል ጨርሰሽ ለእኛ ኩርፊያሽን ይዘሽ ትመጫለሽ› አለኝ። አልመለስኩለትም። ከዚያ ወዲህ ስለ ቢልና ስለ ልጅ ካልሆነ አናወራም። በማግስቱ ሥራ ቦታ የምግብ ማቀዝቀዣው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ሥራውን ልተወው? ወይስ እሱ እንዳለው እኔው ተለውጬ ነው?»

እህቴ፣ ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር። አዎ፣ ተለውጠሻል። እንዲህ ተኝቶ ያልተለወጠ ሰው አላውቅም። የተለወጥሽው ግን ባለቤትሽ እንዳሰበው አይደለም።

ተማሪ ሳለሁ ባዕድ አገር ሆቴል ቁርስ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። እንቁላል መጥበሻው ጋ ነበርኩ። ደብዳቤሽን ሳነብ ጠረኑ መጣብኝ። በሁዳዴ ጾም ትሪ ሙሉ ቤከን ተሸክሞ መዞርን ላላየው ሰው ማስረዳት ያስቸግራል! እንግዳው ገና እንቅልፉ ከዓይኑ አልጠፋም። እንቁላሉ በሰለብኝ ይላል፣ ቡናው ቀዘቀዘ ይላል። አንቺ ደግሞ «ጉድ ሞርኒንግ» ብለሽ ጥርስሽን ማሳየት አለብሽ። ይሄ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለመቶ ሰው ነው። እኔ ወደ ቀትር ላይ ጉንጬን ያመኝ ነበር። ስለ ስሜቴ እያወራሁ አይደለም፤ ጡንቻው ራሱ ነው የሚያመኝ።

አርሊ ሆክሽልድ የምትባል አሜሪካዊት የሶሺዮሎጂ ምሁር የበረራ አስተናጋጆችን አጥንታ በ1983 እ.ኤ.አ. ለዚህ ነገር ስም አወጣችለት፦ የስሜት ሥራ። ሣጥን ሲያነሱ መዋል ወገብ እንደሚያደክም፣ ያልተሰማሽን ደስታ ፊትሽ ላይ ይዞ መዋልም ያደክማል። ቡፌ ቁርስ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። እንግዳው «ራሴ አንስቼ በላሁ» ብሎ ስለሚያስብ ቲፑ እንደ እራት አይሆንም። ሳቁ ግን ያው ነው።

እንግዲህ ቤት ስትገቢ ፊትሽ ያርፋል። የሚያርፍበት ሌላ ቦታ የለውማ። ባለቤትሽ ኩርፊያ ያለው ይህንኑ ያረፈ ፊት ይመስለኛል። እሱ ግን ይህን በምን ያውቃል? አልነገርሽውም።

አሁን ደግሞ ወደ እሱ እንሂድ። እሱም እኮ አስተናጋጅ ነው። ከሬገን ኤርፖርት ሰው ጭኖ ስለ አየሩ ያወራል፣ የማያስቅ ቀልድ ሰምቶ ይስቃል፤ አምስት ኮከብ ካልሰጡት እንጀራው ላይ ይመጣበታል። ሌሊት 7 ሰዓት ቤት ሲገባ የእሱም ፊት ወርዷል። ግን ማን ያየዋል? ተኝተሻል። የአንቺ ድካም ምስክር አለው፣ የእሱ የለውም። ለዚህ ነው አኩራፊዋ አንቺ ብቻ የመሰልሽው።

የተናገረው ይጎዳል፤ ልጅ ፊት መሆኑ ደግሞ ይብሳል። እሱን አላድበሰብስለትም። ግን ከኋላው ያለውን ስሚው። አንድ ሰው የሚስቱ ሳቅ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እሱ ጋ ሲያልቅ የሚቆጨው ሳቁ ስለናፈቀው ነው። ብዙዎቻችን «ናፈቅሽኝ» ማለት በማይነገርበት ቤት ስላደግን ናፍቆታችን በወቀሳ ይወጣል። ይህን ለማመካኛ እንዲሆነው አይደለም የምነግርሽ፤ አንቺ ነገሩን ስትሰሚ እንደ ፍርድ እንዳትሰሚው ነው።

ወደ እንቅልፉ ልምጣ፤ ዋናው ጣጣ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ከማታ 4 ሰዓት እስከ ሌሊት 9 ሰዓት ከሩብ፣ 5 ሰዓት ከሩብ ነው። ከዚያ ላይ የእናትሽን ስልክና የባለቤትሽን በር መክፈት ቀንሺ። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል። «እንግዲያስ 1 ሰዓት ላይ ተኚ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም፤ እሱ ሞክሮት አያውቅም። የሰውነታችን ሰዓት ከልማዳችን በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት ይበልጥ ያነቃናል እንጂ አያስተኛንም። ጣሪያ እያየሽ ትቆጥሪያለሽ። የ10 ሰዓቱ ቡናም አለ። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ ካፌን፣ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ባብዛኛው ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። ስትተኚ የአቦሉ ግማሽ ገና ውስጥሽ አለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና ፍጥነቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን ጥናቶች አሳይተዋል። አንቺ 17 ሰዓት የሚሞላሽ ማታ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ባለቤትሽ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይደውልልሽ የነበረው በዚያ አካባቢ ነው። ጭቅጭቁ ባይነሳ ነበር የሚገርመኝ።

ስለዚህ ከማታ 2 ሰዓት በኋላ ስለ ብር፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ትዳር አታውሩ። ይደውል፤ ስለ ልጅቷ፣ ስለ በላችሁት፣ ስለ ገጠመው ተሳፋሪ አውሩ። ከባዱን ወሬ ለእሑድ አቆዩት። የእሑድ ቡና ደግሞ ከቅዳሴ መልስ ይፈላ፤ ሦስተኛውም ከቀትር ብዙ ሳይርቅ ይጠጣ። በሥራ ቀን የ10 ሰዓቱን ቡና ተዪው። ታውቂያለሽ፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ራስ ምታት ይኖራል።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ እንበል፣ ልጅቷን እሱ ይቀበላት። አንቺ ቤት ገብተሽ መጋረጃ ዘግተሽ አንድ ሰዓት ተኩል ተኚ። እሱ ትንሽ ዘግይቶ ይውጣ። ገቢው ይቀንሳል፣ አውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት በዚያ እንቅልፍ መኪና የምትነጂ ሰው ስለሆንሽ ግን ይህ ወጪ ሳይሆን ጥንቃቄ ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ ቨርጂኒያን በ7 ወይም በ8 ሰዓት ትቀድማለች። ከሥራ እንደወጣሽ፣ መኪናውን ሳታስነሺ፣ አንቺው ደውይላቸው። በእሳቸው ማታ 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ተኩል ነው። ድምፅሽን ሰምተው ይተኛሉ፣ የአንቺም ስልክ ሌሊት ይዘጋል። አንድ ሁለት ቀን ያኮርፉ ይሆናል፤ እናት ናቸው፣ ያልፋል።

ሥራውን ስለመተው አሁን አትወስኚ። ሁለት ሦስት ሳምንት ደህና ከተኛሽ በኋላ አስቢበት። እስከዚያ ሱፐርቫይዘርሽን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን የምሳ ፈረቃ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ሆቴላችሁ የሠራተኛ ማኅበር ካለው፣ በዚያ አካባቢ ያለው ሎካል 25 የሚባለው ነው፣ ተወካያችሁን አናግሪ፤ ማኅበር ባለበት ቤት ፈረቃ ብዙውን ጊዜ በቆይታ ነው የሚመረጠው። ስንት ዓመት እንደሠራሽ አልነገርሽኝም እንጂ ተራሽ ደርሶ ሊሆን ይችላል።

ማቀዝቀዣ ክፍል ገብቶ አንድ ቀን ማልቀስ እኔንም ደርሶብኛል። ለቅሶው ግን ሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ከተመላለሰ፣ ምግብ ከጠላሽ፣ ልጅሽን ማቀፍም ከከበደሽ፣ ይህ ድካም ብቻ አይደለምና ሐኪም ጋ ሂጂ። መኖር ካስጠላሽ በዚያው ሰዓት ወደ 988፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለመጣበት ሰው ወደተዘጋጀው የአሜሪካ የስልክ መስመር፣ ደውይ። ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ።

ለባለቤትሽ ይህን ሁሉ ማስረዳት ከከበደሽ ጽሑፉን አሳዪው። ወይም ደክሞሽ ስትገቢ «የዛሬውን ሳቅ ጨርሻለሁ፣ ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» በይው። አኩርፌያለሁ ማለት እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙበት። እሱም ሌሊት ሲገባ ያንኑ ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ ፍሪጁ ላይ ይለጥፍልሽ፤ ጠዋት ስትወጪ የእሱም ፊት ምን እንደሚመስል ታያለሽ።

ልጅቷን አትርሷት። አባቷ ያለውን ሰምታለች፣ የአንቺንም ዝምታ ሰምታለች። የ6 ዓመት ልጅ እናቷ የማትስቀው በእሷ ጥፋት ሊመስላት ይችላል። በሚቀጥለው እሑድ ስትመለሱ፣ እዚያው መኪና ውስጥ፣ አባቷ «ባለፈው እማዬን ያልኳት ልክ አልነበረም፣ ደክሟት ነው» ይበላት። አንቺም አጠገቡ ሆነሽ ስሚው።