የድሮ ያማሃ ዲቲ የኋላ ሞዞ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር?

ሰላም ወንድሜ። ሰበታ ያለችው የድሮ ያማሃ ዲቲህ ኩሽኔታ (ጎማው በልስላሴ እንዲሽከረከር የሚያደርገውን ባለ ኳስ የብረት ቀለበት) ቀይረህላትም የኋላ ጎማዋ መወላወሉን አላቆመም፤ ሞዞውን (ኩሽኔታዎቹ የሚቀመጡበትን የጎማውን መሃል) ላስጠግን ወይስ ልቀይር ብለሃል። መጀመሪያ ፈትተህ እየው። ኩሽኔታው በእጅ ሲገፋ ከወጣ ሞዞው ውስጥ ያለው መቀመጫው ሰፍቷል ማለት ነው። ይህ ይጠገናል።

አደራ፣ መቀመጫውን በቡሊኖ (በሹል የብረት መንቆሪያ) ነቁረው የሚያጠብቁትን እንዳትቀበል። ትንሽ ይይዝና መልሶ ይላላል። ጥሩ ቶርኖ ቤት ውሰደው። መቀመጫውን አስፍቶ ቦኮላ (የብረት ቀለበት) ይከትበታል፤ ከዚያ ቀዳዳው በኩሽኔታው ልክ ይወጣል። ለምሳሌ 6202 ኩሽኔታ የውጭ ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቀዳዳው ግን ከዚያ በጣም በጥቂቱ መጥበብ አለበት። ስለዚህ ኩሽኔታውን ይዘህ ሂድ፣ በአፍ ብቻ አትንገራቸው። ሞዞው አሉሚኒየም ስለሆነ እስከ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ኩሽኔታው ሳይደበደብ ይገባል። በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል ያለችውን ቱቦ እንዳትረሳት! እሷ ከሌለች ፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹ ተጨንቀው ቶሎ ይበላሻሉ።

ሞዞው የጎማው ሽቦዎች የሚገቡበት ጠርዝ ላይ ከተሰነጠቀ ግን ቀይረው። የጅማ መንገድ ላይ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋህ በተበየደ ሞዞ መሄድ ለሕይወትህ ያሰጋል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ፈልግ። አሮጌውን ይዘህ የሽቦ ቀዳዳውን ብዛት፣ የታምቡሩን (የፍሬን ሸራው የሚይዘውን ክፍል) ስፋትና የፔርኖውን ውፍረት አመሳክር።

ታምቡሩን ስታጸዳ በኮምፕሬሰር አታስነፋው። የድሮ ፍሬን ሸራ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖረው ይችላል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።