ከዳተኛውን ልዑል ብወደው ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ስለ ጥንት ቤተ መንግሥት የሚተርክ፣ አስማትም ያለበት ኮሚክ እያነበብኩ ነው። ታናሹ ልዑል ንጉሥ ወንድሙን ከድቶ የከተማዋን በር ለጠላት ይከፍታል። ንጉሡ ግን እኅታቸው ስትበደል አይቶ እንዳላየ ያለፈ ሰው ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ ከልዑሉ ጋር ነኝ። ሲያሸንፍ ደስ አለኝ። ኃጢአት ይሆንብኛል? ለበደለኛ ንጉሥስ ታማኝ መሆን ይገባል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኅቴ። ለልብ ወለድ ሰው ማዘን ኃጢአት አይደለም። አስማቱንም ተረት መሆኑን እስካልረሳሽ ድረስ አትጨነቂበት።

ታሪኩ ግን የንጉሥ ዳዊትን ልጅ አቤሴሎምን አስታወሰኝ። 2ኛ ሳሙኤል 13ን አንብቢ። ሌላው የዳዊት ልጅ አምኖን የአቤሴሎምን እኅት ትዕማርን በግድ አስነወራት። አባታቸው ዳዊት ሰማ፣ እጅግም ተቆጣ። ከቁጣው ያለፈ ነገር ግን አላደረገም። አቤሴሎም ሁለት ዓመት ሙሉ በሆዱ ይዞ ቆየና አምኖንን አስገደለው። መጽሐፉ ቁስሉን አይደብቅበትም። እንዲያውም ሴት ልጁ ትዕማር ትባል እንደነበር ይነግረናል። እኅቱን ከልቡ ይወዳት ነበር ማለት ነው።

ምዕራፍ 15 ላይ ስንደርስ ግን ሌላ ሰው እናያለን። በማለዳ ተነሥቶ በከተማዋ በር ይቆማል። ለፍርድ የመጣውን ሁሉ ይጠራል፤ እጅ ሊነሣው የቀረበውን አቅፎ ይስማል። «ምነው እኔ ዳኛ በሆንኩ» ነው ወሬው። ስለ ትዕማር አንዲት ቃል አይወጣውም! ለእኔ ክህደቱ የጀመረው እዚህ ጋ ነው። የእኅቱ ቁስል የዙፋን መሰላል ሆነ። አንቺም ኮሚኩን ስትቀጥዪ ልብ በዪ፦ ልዑሉ ዘውዱን ከጫነ በኋላ እኅቱ ትዝ ትለዋለች?

ሁለተኛው ጥያቄሽ ይከብዳል። ታማኝነት ዝም ማለት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ነቢዩ ናታን ዳዊት በበደለ ጊዜ ፊት ለፊት «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፤ ከዚያም በኋላ ከዳዊት አልራቀም። ዮናታን ደግሞ አባቱ ንጉሥ ሳኦል ዳዊትን ሊገድል በፈለገ ጊዜ «ስለ ምን ይሞታል? ምንስ አደረገ?» ብሎ ሞገተው። ሳኦል ጦር ወረወረበት። ዮናታን ዳዊትን አስመለጠ፣ በአባቱ ላይ ግን ሰይፍ አላነሣም። በመጨረሻም በጊልቦዓ ተራራ በዚያው ጦርነት አብረው ወደቁ። በበደሉ አልተባበረውም፤ ግን ጥሎትም አልሄደም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልዑሉ ሲያሸንፍ ደስ ያለሽ አንቺንም የበደለሽ ሰው ትዝ ብሎሽ ከሆነ፣ ነገሩ የኮሚክ አይደለም። መዝሙር 54ን ጸልዪ፤ በአንዳንዱ እትም 55 ነው። ዳዊት በወዳጁ የተከዳበትን ምሬት ሳይሸፋፍን ይናገራል። ከዚያ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ቂም ብቻውን ሲብሰለሰል ያድጋል።

ስለ ታማኝነት እንደገና ካሰብሽ ደግሞ የዳዊትን የጦር አለቃ ኢዮአብን አትለፊው። አቤሴሎም በአባቱ ላይ ባመፀ ጊዜ ዳዊት ለሠራዊቱ «ለልጄ ለአቤሴሎም ራሩለት» ብሎ አዝዞ ነበር። ኢዮአብ በዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ያገኘውን ልጅ በሦስት ጦር ወጋው። ትእዛዝ ጥሶ ንጉሡን አዳነ፤ ንጉሡ ደግሞ «ልጄ አቤሴሎም!» እያለ አለቀሰ። ታማኝ ነው ወይስ ከዳተኛ? ስንት ጊዜ አስተምሬው እኔም እስካሁን አልቆረጠልኝም።